ጭምብለኛ ይገባል?

አንድ ጨዋታ አለችኝ። ሠርግ ላይ፣ ልደት ላይ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ወንበሩን ገፋ ሲያደርግ፣ «ሄስተር፣ እስቲ ያቺን የመርፌዋን» ይሉኛል። እኔም ብዙ አላስለምንም። ቶሮንቶ ውስጥ እኔን እያወቀ ያቺን ጨዋታ ያልሰማ ሰው ካለ ትናንት የተዋወቅኩት ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የት ላይ እንደሚሳቅ ስለሚያውቅ ቀድሞ ይስቅልኝ ነበር። ባለፈው መስከረም ያንኑ ጨዋታ ለእህቴ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም።

እንግዲህ ከሥሩ ልጀምር። የተወለድነው ኒውፋውንድላንድ ውስጥ፣ ጋነት ኮቭ በምትባል አሥራ አንድ ቤት ባላት የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። አባታችንን ባሕር በላው። እናታችን ፊቢ ሁለት ሴት ልጆች ይዛ ቀረች፤ ሴሊና ሰባት ዓመቷ፣ እኔ አራት። ክረምቱ ሳይገባ የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ድሩሲላ ከወሽመጡ ማዶ፣ ከሌዲስ ሃርበር፣ በጀልባ መጣችና አንዳችንን ይዛ ሄደች። ሱቅ አላት፣ ባል አላት፣ ልጅ የላትም። የወሰደችው እኔን ነው።

ለምን እኔን? ይህን ጥያቄ ስድሳ ስድስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ያኔ ግን መልሱ ግልጽ ነበር። እኔ አልጋ ላይ እሸናለሁ፣ ሴሊና አትሸናም። በአራት ዓመት ልጅ ችሎት ይህ ከበቂ በላይ ማስረጃ ነው። እናቴ ከሁለት ልጆቿ የምትሸተዋን ሰጥታ የማትሸተዋን አስቀረች። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር ብዬ ፈረድኩ።

አክስቴ ድሩሲላ በጎ አድራጊ ሴት ነበረች። ይህን የማውቀው ራሷ ስለምትናገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ታስቀድመኝና «የወንድሜ ልጅ ናት፣ አባቷ የሞተባት፤ እንደ ልጄ ነው የማሳድጋት» ትላለች፤ ሴቶቹም አገጬን ይዘው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ቤት ስንመለስ እንደ ልጇ ሁለት ባልዲ ውኃ ከምንጭ እቀዳለሁ፣ እንደ ልጇ የሱቁን ወለል በአሸዋ እፈትጋለሁ፣ እንደ ልጇ ደረጃው ሥር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ከዱቄት ጆንያ ጋር እተኛለሁ። የገዛ ልጅ ብትወልድ ኖሮ ያ ልጅ ምን ይውጠው እንደነበር እንጃ።

በሄድኩ በሳምንቱ ወጥ ቤት ሆና ከባሏ ከአጎቴ አዛርያ ጋር ስታወራ በሩ ሥር ተቀምጬ ሰማኋት።

«እናት ብቅ ካለች ልጅ አይለምድም። አሥራ ስድስት ዓመት እስኪሞላት ድርሽ እንዳትይ ብያታለሁ።»

«ኧረ ይሄ ይከብዳል፣ ድሩሲላ።»

«ይክበዳ! ሁሉም መጀመሪያ ላይ ይጮኻሉ፤ ኋላ ይተዉታል።»

በዚያ ሳምንት አጎቴ አንዲት የበግ ግልገል ከእናቷ ለይቶ ጓሮ አስሯት ስለነበር ስለእሷ የሚያወሩ መሰለኝ። በግ እንዴት ይታዘዛታል ብዬ አልጠየቅኩም፤ አክስቴን ሁሉም ይታዘዛታል። በግ አሥራ ስድስት ዓመት እንደማይኖርም የነገረኝ የለም። ወጥቼ ግልገሏን አቀፍኳትና «አይዞሽ፣ ትለምጃለሽ» አልኳት።

ከዚያ ገና መጣ። እዚያ አገር ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት አሥራ ሁለት ቀናት ትልልቁ ሰው ሁሉ ያብዳል። ወንዱ ቀሚስ ይለብሳል፣ ሴቷ የባሏን የባሕር ካፖርት ትደርባለች፣ ሆዳቸው ላይ ትራስ ይወትፋሉ፣ ፊታቸውን በመጋረጃ ይሸፍናሉ፣ ከዚያ ከራት በፊት በር እየደበደቡ «ጭምብለኛ ይገባል?» ይላሉ። ድምፃቸው እንዳይታወቅ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ እየሳቡ ነው የሚናገሩት። ይገባሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ባለቤቶቹ ማን እንደሆኑ ይገምታሉ። ስሙ በትክክል የተጠራ ይገለጥና ኬክና መጠጥ ይሰጠዋል። ያልተጠራ እንደተሸፈነ መጥቶ እንደተሸፈነ ይሄዳል። ስም ሳይጠራ መገለጥ ነውር ነው። ሰው ወላጁን ሰድቦ ይቅር ይባል ይሆናል፤ ይህንን ግን ያደረገ ሰው በኛ ዘመን አልነበረም።

በመገመት አክስቴን የሚያክላት አልነበረም። የወሽመጡን ሕዝብ ቦት ጫማ ሁሉ የሸጠችው እሷ ናት፤ ፊት ቢሸፍኑ ምን ዋጋ አለው? ቁጭ ብላ ወለሉን ትመለከትና «ኢዮኤል፣ ቀሚሱ አምሮብሃል። አንቺ ደግሞ የኢዮኤል ሚስት። አንተ፣ ግራ ተረከዝህን ገና አላሠራኸውም?» ትላለች። ሦስት ትንፋሽ አይፈጅባትም። ሰዉ ደስታውን ስላበላሸችበት በሆዱ ይረግማታል፤ ኬኳን ግን ይበላል።

በዚያ መሐል አንድ ሰው ነበር። ሁልጊዜ ከጭፍራው ኋላ ይገባል። ረጅም የባሕር ካፖርት፣ የሱፍ ጓንት፣ ፊቱ ላይ የዳንቴል መጋረጃ። አይጨፍርም፣ አይናገርም። ዱዳው አልኩት። ዱዳው ቀጥ ብሎ መጥቶ እኔ አጠገብ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ ያደርጋል፣ ከንፈሬን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ጥርሴን ያያል፣ ጸጉሬን ፈለጥ እያደረገ ይመለከታል። አክስቴ በግ ስትገዛ እንደዚያ ስታደርግ አይቻለሁ። ስለዚህ ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ልሸጥ ነው።

«አክስቴ፣ ይሄ ማነው?» አልኳት ደንግጬ።

አክስቴም፣ ያቺ ቦት የማይስታት ሴትዮ፣ ካፖርቱን ከላይ እስከ ታች አይታ «ጎረቤታችን አጎት ኖኅ ነህ» አለች። ዱዳው ራሱን ነቀነቀ። «ታዲያ የኖኅ ወንድም ነህ።» አይደለም። «በቃ አቃተኝ» አለችና ወደ ምድጃዋ ዞረች። ሲወጣም፣ ያልታወቀ ሰው ኬክ አይገባውም ተብሎ እያለ፣ አንድ ቁራጭ በጓንቱ ውስጥ ስታስጨብጠው በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ደንብ መጣሱ አናደደኝ። መሳሳቷ ግን ልቤን አሞቀው። አክስቴም የማታውቀው ነገር አለ!

ዱዳው ለአምስት ገና መጣ። አምስቱንም ጊዜ አክስቴ ተሳሳተች። አምስቱንም ጊዜ ክንዴን ጨበጠ፣ ጥርሴን አየ፣ ሳይወስደኝ ሄደ። ምክንያቱን ደርሼበታለሁ፦ ገና አልወፈርኩም። እናም ራሴን ለማትረፍ ዘዴ ፈጠርኩ። ኅዳር ሲገባ ጀምሬ ቁርሴን ለዶሮዎች እጥላለሁ። ገና ሲደርስ ክንዴ ዱላ ያክላል፤ ዱዳው ይጨብጠውና ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የሚስቅብኝ ይመስለኝ ነበር። ዋጋዬን በማሳነሴ እኮራ ነበር።

ስድስተኛው ገና ላይ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የመንደሩን ልጆች አስከትዬ የምዞር ጉልበተኛ ሆኛለሁ። ዱዳው ያን ጊዜ ብቻውን መጣ። አጥሯል። ካፖርቱ ወለል ይጠርጋል፣ የሆዱ ትራስ ወደ ጎን ተንሸራቷል፣ ቦቱ በየእርምጃው ሊወልቅ ይላል። አርጅቶ ነው አልኩ፤ ሰው ሲያረጅ ያጥራል። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ክንዴን አልጨበጠም፣ ጥርሴን አላየም። እጄን ብቻ ያዘና ጠበቀ።

አክስቴ ቦቱን ዐየች። ከዚያ እንደሌላው ጊዜ አልገመተችም። «ሄስተር፣ አንቺ ገምቺ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። «ደህና አድርገሽ አስቢና ስሙን ጥሪ።»

በሕይወቴ አክስቴ አንድ ነገር ስትፈቅድልኝ የመጀመሪያዋ ነው። ልጆቹ በመስኮት አፍንጫቸውን ለጥፈው ያያሉ። ብድግ አልኩና «ዐወቅኩህ! የአጎት ኖኅ ፍየል ነህ!» አልኩ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ዱዳው እጄን አልለቀቀም፤ ጭራሽ አጠበቀው። ያኔ ነው ከአክስቴ የእሑድ ባርኔጣ ላይ ሰርቄ ቀሚሴ ውስጥ የደበቅኳትን ረጅም መርፌ መዝዤ ጭኑ ላይ የሰካሁት።

እንግዲህ ሠርግ ላይ የሚሳቀው እዚህ ጋ ነው። ዱዳው ጮኸ! አምስት ዓመት ዝም ያለው ሰውዬ እንደ ሕፃን ልጅ በቀጭን ድምፅ «ዋይ!» ብሎ ብድግ አለ፣ አንድ ቦቱን ጥሎ በአንድ እግሩ በረዶው ላይ እየዘለለ ሄደ። እኔ ጩኸቱን አስመስዬ፣ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ አሳያቸዋለሁ፤ ይሞታሉ በሳቅ። አክስቴ በእርጥብ የዕቃ ጨርቅ አጮለችኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ለባርኔጣ መርፌ ስታለቅስ!» ብዬ ነው ጨዋታዬን የምጨርሰው።

በሚቀጥለው በጋ ሱቁ ተዘግቶ ወደ ቶሮንቶ ሄድን። አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ አክስቴ ድንች እየላጠች «እናትሽ ከሞተች ቆይቷል» አለችኝ። ድንቹን ጨርሳ ላጠች። እኔ ደግሞ በሆዴ ሴሊናን ያዝኩባት። የእናቷን አልጋ፣ የእናቷን ጉያ፣ ሁሉን ለብቻዋ በልታ፣ ስትሞትባት አንድ መስመር አልጻፈችልኝም። ይህ ቂም ባል አገባ፣ ልጅ ወለደ፣ ጡረታ ወጣ፤ አብሮኝ አረጀ።

ዓምና የሴሊና የልጅ ልጅ ፈልጋ አገኘችኝ። ስልክ ጀመርን፣ እሑድ እሑድ። የመጀመሪያው እሑድ ስለ አየሩ አወራን። ሁለተኛው እሑድ ስለ ጉልበታችን። ሦስተኛው ላይ ጦርነት ተጀመረ።

«አንቺማ ምን አለብሽ፣» አለች ሴሊና። «ብርቱካን ስትበዪ ያደግሽ!»

«የምን ብርቱካን?»

«አክስታችን በላከችው ፎቶ ላይ! አዲስ ጫማ፣ ሪባን፣ እጅሽ ላይ የሰው ጭንቅላት የምታክል ብርቱካን። እማዬ ግድግዳው ላይ ሰክታው በየቀኑ አያት ነበር። እኔ ያን ጊዜ ብርቱካን በዓይኔ አይቼ አላውቅም።»

«ሴሊና፣ ብርቱካኗ እኮ የሰም ናት። ለሱቁ መስኮት ማሳመሪያ። ጫማውም ፎቶ አንሺው እንደጨረሰ ወልቆ ወደ ሳጥኑ ገባ፤ በነጋታው ለቄሱ ልጅ ተሸጠ።»

«የሰም?» አለች። ስድሳ ዓመት ሙሉ በሰም መቅናቷ ሳያናድዳት አልቀረም።

በሚቀጥለው እሑድ ተራዬ ደረሰ። «አንቺስ? ከእማዬ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተቃቅፈሽ!»

«አዎ፣ ተቃቅፈን። ሳንባዋ ነበር። ደም ስትተፋ ትራሱን እገለብጥላታለሁ፤ ሁለቱም ገጽ ሲያልቅ አጥባለሁ። ቀን ቀን የእሷን ሥራ ደርቤ፣ ቆጡ ላይ የተሰጣውን ዓሣ አገላብጣለሁ፣ እጄ በጨው ተልጦ። ስትሞት ለሰው ቤት ገረድ ገባሁ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ለሦስት ዓመት ቁጭ ብዬ አልበላሁም።»

እኔ ደግሞ ስለ ደረጃው ሥር ቁም ሣጥን ነገርኳት። እሷ አይጥ ነበረ ወይ አለች። ነበረ አልኩ። እኛም ጋ ነበረ አለች። እንዲህ ስንፎካከር ስድስት ወር አለቀ፤ ማን የባሰ መከራ እንዳየ አልተለየም። በመስከረም አውሮፕላን ተሳፍሬ ሄድኩ።

በሩን ከፍታ መጀመሪያ ያለችኝ «ከስተሻል» ነው። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ነገረኛ ዓይን ያላት አሮጊት ናት። የእኔው ዓይን ነው። ጨው ዓሣና ድንች ሠርታ አበላችኝ፤ ሻይ ጠጣን፤ የምንለው ጠፋ። ሰው የሚለው ሲጠፋው ያለውን ያወጣል። እኔ ያለኝ ያቺ ጨዋታ ናት። ብድግ ብዬ ከነጭፈራዋ፣ ከነጩኸቷ፣ በአንድ እግሬ ዘልዬ ነገርኳት። በሰባ ዓመቴ!

ሴሊና ፍንክች አላለችም። ሻይዋን አማሰለች።

«ግራ ነው ቀኝ?» አለች።

«ምኑ?»

«የወጋሽው ጭን።»

«እኔ እንጃ... ቀኝ መሰለኝ።»

«ግራ ነው» አለች።

ወንበሩን ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«አምስቱን ገና እማዬ ናት፣» አለች ሴሊና። «በበረዶው ላይ ሦስት ሰዓት ሄዳ። እንዳትመጣ ምላለች፤ ግን ጭምብለኛ ማንም አይደለም፣ ስሙ እስኪጠራ ድረስ። አክስታችን እያወቀች ትስትላት ነበር፤ በትክክል ከጠራቻት ልታባርራት ነዋ። በየዓመቱ ቤት ስትመለስ ካፖርቱን እንኳ ሳታወልቅ 'ከስታለች፣ ካምናው ብሳ ከስታለች' ብላ ታለቅሳለች።»

ቁርሴን የበሉት ዶሮዎች ትዝ አሉኝ። ይህን ለሴሊና የነገርኳት በሦስተኛው ቀን ነው።

«የመጨረሻው ገና ላይስ አንቺ ለምን መጣሽ?»

«እማዬ በኅዳር ሞተች። አልጋ ላይ እያለች 'ሂጂና አጠገቧ ተቀመጪ' አለችኝ። 'ስምሽን ከጠራች ሁሉን ንገሪያትና ይዘሻት ነይ፤ ሁለት ሆናችሁ የምትበሉት አታጡም። ካልጠራችሽ ለምዳለች ማለት ነው፤ ሰላሟን አትንሺያት።'»

«እኔ ፍየል አልኩሽ።»

«ፍየል አልሽኝ።»

«መጋረጃውን ገልጠሽ 'እኔ ነኝ' ብትዪኝስ ኖሮ? ምን ነበረበት?»

ሴሊና የተሳደብኩ ያህል ቀና ብላ አየችኝ። «ስም ሳይጠራ?» አለች።

ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አሁንም ነውር ነው። ልጮህባት አሰብኩና በዚያ አገር ተወልጄ በዚያ አገር ያደግኩ መሆኔ ትዝ አለኝ። እኔም ብሆን አልገልጠውም ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሁለት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንዷ እንድትጠራ ትጠብቃለች፣ አንዷ ትወጋለች።

እንግዲህ የቀረችኝ አንድ ጥያቄ ናት። ለዚህች ጥያቄ ነው አውሮፕላን የተሳፈርኩት። «ሴሊና፣» አልኩ፣ «ለምን እኔን ሰጠችኝ? አልጋ ላይ ስለምሸና ነው?»

«ምን?»

«አንቺ አትሸኚም ነበር፣ እኔ...»

«አይ ሞኝ! እኔስ አልሸናም እንዴ? አንድ ፍራሽ ላይ ነበር የምንተኛው። ግማሹ የኔ ነው። አንቺ ትንሽ ስለሆንሽ አላክክብሽ ነበር።» ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ጠፋ። ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አክስታችን የመጣችው እኔን ልትወስድ ነው፣ ሄስተር። ሰባት ዓመት ሞልቶኛል፣ ለሥራ እደርሳለሁ። ሻንጣው ውስጥ የገባው የኔ ልብስ ነበር። እጄን ስትይዘኝ ነከስኳት። አጥንቷ ጥርሴ ላይ እስኪሰማኝ ነከስኳት። 'ይቺማ ሰው አትሆንም፤ ያቺን ጨዋዋን ስጪኝ' አለች። አንቺ በሩ ጋ ቆመሽ ነበር። 'ነይ የኔ ልጅ' ስትልሽ እጅሽን ሰጠሻት። የኮትሽን ቁልፍም ራስሽ ቆለፍሽ፣ ማንም ሳያዝዝሽ።»

«እማዬስ ምን አለች?»

«ጀልባዋ እስክትሰወር ቆማ አየች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። ልትመታኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታችኝም። 'ምነው እሷም በነከሰቻት' አለች።»

ስድሳ ስድስት ዓመት ሙሉ መጥፎ ልጅ ስለነበርኩ የተሰጠሁ ይመስለኝ ነበር። የተሰጠሁት ጨዋ ስለነበርኩ ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ እየሳቅኩ አለቀስኩ፤ በእርጅናዬ ንፍጤን መቆጣጠር እስኪያቅተኝ ድረስ ለዚያች የኮቷን ቁልፍ ራሷ ለቆለፈች ልጅ አለቀስኩላት።

ሴሊናም ታለቅሳለች። «ይቅር በይኝ፣ ሄስተር» አለች። «ይህን ሳልነግርሽ እንዳልሞት ብዬ ነው በልጅ ልጄ ያስፈለግኩሽ።»

ጨዋ ሴት ብሆን ወዲያው ይቅር እላት ነበር። ጨዋነት ምን እንዳተረፈልኝ ግን አሁን ሰምቻለሁ።

«ቆይ፣» አልኳት፣ «መጀመሪያ ትንሽ ልናደድብሽ።»

«ተናደጂ፣» አለች ሴሊና። «የት እሄዳለሁ?»